የጥራጊ ዋጋ፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ ረጲ

በኮልፌ 18 ማዞሪያ መንደሮች በማለዳ ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ የቆራሌው ጥሪ ነው። ቆራሌው ባዶ ጠርሙስ፥ አሮጌ ጫማና የተቀደደ ቆርቆሮ በገንዘብ እየገዛ ወደ መርካቶ፥ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስዳል። የሽንኩርቱን ልጣጭ፥ የጫቱን ገራባና አመዱን ግን የሚገዛ የለም፤ ይህኛው በጆንያ ታስሮ ወደ ገንዳ፥ ከገንዳም በመኪና ወደ ረጲ ሲሄድ ኖሯል። ከአንድ ግቢ የወጣውን ጥራጊ ለሁለት የሚከፍለው እንግዲህ ዋጋ ነው። በዚህ አጭር ሐተታ የምንመለከተው ገዥ ያጣውን ክፍል ታሪክ ነው።

በዚያው በኮልፌ ቀራንዮ በኩል የሚገኘው፥ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው የረጲ ሥፍራ የከተማው ጥራጊ መጣያ የሆነው በ1950ዎቹ ዓ. ም. ነው። ያን ጊዜ ቦታው ከከተማው ዳር ነበር። ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው፤ መጣሉ ግን አልቆመም። ምክንያቱን ለመረዳት የእንግሊዛዊውን የኢኮኖሚክስ ሊቅ የፒጉን አሳብ መጥቀስ ይበቃል። ፒጉ በ1920 እ. ኤ. አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ አንድ ድርጊት የሚያስከትለው ጉዳት ከአድራጊው የሒሳብ መዝገብ ውጭ ከቀረ ድርጊቱ ከሚገባው በላይ ይበዛል። ለከተማው የረጲ ወጭ የመኪናና የነዳጅ ነበር፤ ሽታው፥ ጭሱና ወደ ወንዝ የሚወርደው ጥቁር ውኃ በማንም መዝገብ አልተጻፈም።

በ2008 ዓ. ም. መጣያው ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ወደ ሰንዳፋ ተዛወረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታውና የውኃው መበከል እንደጎዳቸው ገልጸው ተቃወሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም መኪኖቹ ወደ ረጲ ተመለሱ። አንዳንድ ሰዎች ይህን የልማት እንቅፋት አድርገው ያዩታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሮናልድ ኮስ በ1960 እ. ኤ. አ. ባወጣው ጽሑፍ እንደሚታወሰው፥ መብቱ የማን እንደሆነ ከተለየና መደራደሩ ብዙ ወጭ ካልጠየቀ ባለጉዳዮች ሊስማሙ ይችላሉ። በሰንዳፋ ገበሬው ዋጋውን የተናገረው ጥራጊው ከደረሰ በኋላ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. የረጲ ክምር ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ። ከክምሩ ግርጌ የሚኖሩት ከጥራጊው ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩና ከዚያ የረከሰ መጠለያ ያላገኙ ነበሩ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ እዚህ ላይ «የኪራዩ መርከስ የአደጋው ካሣ ነው፤ አውቀው ገቡበት» ለማለት ይቃጣዋል። ሌላ የሚገባበት በር የሌለውን ሰው ግን መረጠ ለማለት ይከብዳል፤ የተራራው መናድም በኪራይ ውል የሚታሰብ አደጋ አልነበረም።

ከዚያ በፊት በ1995 ዓ. ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በካይ ይክፈል የሚለውን መሠረተ አሳብ ይዟል። የረጲ በካይ ማን ነው? ይህን የምንጽፈው እኛም ጭምር ነን፤ ከፍለናልም። ሆኖም ለብዙ ዓመታት የጽዳት ክፍያ የተሰበሰበው ከውኃ ሒሳብ ጋር ነው፤ ከመኖሪያ ቤት የውኃውን ሒሳብ 20 በመቶ፥ ከንግድ ቤት 42.5 በመቶ። ለአሰባሰብ እጅግ የቀለለ ዘዴ መሆኑን አንክድም፤ ያለዚያ በየቤቱ ማን ይዞር ነበር? ነገር ግን በ18 ማዞሪያ ያለች አንዲት እናት ልጣጩን ለይታ ብታበሰብስና አንድ ጆንያ ብትቀንስ ከሒሳቧ አንዲት ሳንቲም አይወርድም ነበር። ልብስ ብታጥብ ግን የጽዳት ክፍያዋ ይጨምር ነበር።

በነሐሴ 2010 ዓ. ም. በረጲ ጥራጊ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። በዚህም ጥራጊው የነዳጅነት ዋጋ አገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው፤ እርጥብ ስለሆነም እሳቱ የሚሰጠውን ሙቀት አስቀድሞ ራሱን ለማድረቅ ይበላዋል። ለማዳበሪያ ግን እርጥበቱ ይጠቅማል። የሽንኩርቱን ልጣጭ «ቆራሌው!» እያለ በየደጁ የሚገዛ ግን እስካሁን አልመጣም።