የፋብሪካው በርና የትምህርት ቤታችን በር

ሲኒማ በዓለም ላይ ሲጀመር በመጀመሪያ ከታዩት ሥዕሎች አንዱ የንጉሥ ዘውድ ወይም የጦር ሜዳ ሳይሆን፣ የአንድ ፋብሪካ በር ነበር። ኦጉስትና ሉዊ ሉሚየር የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ በገዛ ፋብሪካቸው ፊት ለፊት መሣሪያቸውን ተክለው፣ ሠራተኞቻቸው ሥራ ፈትተው ሲወጡ አነሡ። ፊልሙ 17 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን በፓሪስ ግራን ካፌ ገንዘብ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ከታዩት 10 አጫጭር ፊልሞች አንዱ ይኸው ነው።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል አንድ አጭር ፊልም ስናዘጋጅ፣ አስቀድሞ የሚታየውን ትሬለር ያነሣነው በዚሁ በግቢያችን ውስጥ ነው። ስለዚህ የሲኒማን ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጃችንም ጭምር ለመማር ዕድል አገኘን። የተማርነውን ለአንባቢያን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

ትሬለር ማለት ሊታይ የተዘጋጀውን ፊልም በጥቂቱ የሚያስቀምስ አጭር ፊልም ነው። እኛ በከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለውን «ተሳቢ» የምንለውን፣ እንግሊዞች በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከፊልም በፊት የሚታይ ነገር «ተሳቢ» መባሉ ያስገርም ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ቀድሞ ዋናው ፊልም ካለቀ በኋላ ይታይ ስለ ነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የማርከስ ሎው ቲያትር ቤቶች የማስታወቂያ ኀላፊ የነበረው ኒልስ ግራንሉንድ፣ በብሮድዌይ ሊታይ የተዘጋጀን የሙዚቃ ቲያትር ልምምድ በፊልም አንሥቶ ለሕዝብ አሳየ። ይህም ከትሬለሮች ሁሉ የመጀመሪያው ተብሎ ይቈጠራል።

የእኛ ፊልም ከገጠር መጥታ በ14 ዓመቷ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ታሪክ ሲሆን፣ ትሬለሩ 90 ሰኮንድ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶች ተመልካች እንዲበዛ በፊልሙ ውስጥ የሌለ ጠብ በኳስ ሜዳው ላይ እናንሣ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሐሳቡ ቀረ። ገበያ ለማድመቅ ሲል የሌለውን ዕቃ የሚያሳይ ነጋዴ ደንበኛውን የሚያገኘው አንድ ቀን ብቻ ነውና።

በሩን ያነሣነው ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ወደ ካሜራው እየተመለከቱ ሳቁ፤ በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ድምፁን ሸፈነው፤ በሦስተኛው ግን እንደ ተመኘነው ሆነልን። የሉሚየርም የፋብሪካ በር ፊልም ሦስት ልዩ ልዩ ቅጂዎች እንዳሉት ስናነብ ተጽናናን። ቅጂዎቹ የሚለዩት በአንዱ ሠረገላ የሚስብ አንድ ፈረስ፣ በሌላው ሁለት ፈረሶች ስለሚታዩ፣ በሦስተኛው ደግሞ ፈረስ ስለሌለ ነው። እንግዲህ የዓለም የመጀመሪያ ሲኒማ ሠሪዎችም ሠራተኞቻቸውን «እንደ ገና ውጡ» ሳይሏቸው አልቀሩም።

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ በጥርጣሬ ነበር የተቀበለው። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሲኒማ ቤቶቻችን የታየው በአብዛኛው የባሕር ማዶ ሰው ኑሮ ነበር። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። ይኸውም ከፓሪሱ ትርኢት ወደ 70 ዓመት ገደማ ቈይቶ መሆኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለእኛ ለተማሪዎች እጅግ የሚያስደስት ምሳሌ አለ። በጎንደር የተወለዱት ኀይሌ ገሪማ በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሡ። ያነሡትም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ተዋናይነት ባልሆነ ሰዎች ነው። የገበሬው ኑሮ በገበሬው ቋንቋ ለዓለም የታየው አንድ ተማሪ ካሜራውን ወደ አገሩ ሰው ስላዞረ ነው።

እኛም ካሜራችንን ወደ ግቢያችን ሰው አዞርን። ትሬለሩ የሚጀምረው በደወል ድምፅ ነው። ደወላችን ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ሲሆን፣ ከ30 ዓመት በላይ የደወሉት አባት በመጪው ሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። በቦታው የኤሌክትሪክ ደወል ተገዝቶአል። እንድናነሣቸው በለመንናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጆቼ፣ መልኬስ ይታይ፤ ማን እንደ ነበርሁ ግን ማን ይነግራል?» አሉን። «አባባ፣ እኛ እንጽፋለን» ብለን ቃል ገባንላቸው።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። ከሉሚየር ፋብሪካ በር ብዙ ሴቶችና ወንዶች ይወጣሉ፤ አንዲቱ የጓደኛዋን ቀሚስ ትጐትታለች፣ ውሻም ይሮጣል። ነገር ግን ፊልሙ የአንዳቸውንም ስም አይነግረንም። ከዚህም የባሰ ጨርሶ የጠፋ አለ። በአሜሪካ ከ1912 እስከ 1929 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት 11,000 ከሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ መጥፋታቸውን የአገሩ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አስታውቋል። እሳት የበላው፣ ጊዜ ያበላሸው፣ ዋጋ የለውም ተብሎ የተጣለም አለበት። የዛሬው የእጅ ስልክም ከዚያ የተሻለ ሣጥን አይደለም፤ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ያነሣነውን ሁሉ በሦስት ቅጂ አድርገን አንዱን ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁለተኛውን ለርእሰ መምህሩ ቢሮ፣ ሦስተኛውን ለወላጆች ኮሚቴ አስረክበናል። ከእያንዳንዱም ጋራ በፊልሙ የታየ ሰው ሁሉ ስሙና ሥራው የተጻፈበት ወረቀት አያይዘናል። በዝርዝሩ ራስ ላይ የሠፈረው የደወሉ አባት ስም ነው።

ከእኛ በኋላ የምትመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ከእኛ የተሻለ ካሜራ እንደሚኖራችሁ አንጠራጠርም። በዚያ በር የሚወጡትንና የሚገቡትን አንሡ፤ ካነሣችሁም በኋላ ስማቸውን ጠይቃችሁ ጻፉ።