ስሕተትን በዝምታ ማረም

ድረ ገጽ የምናነብበት ብራውዘር የተባለው ፕሮግራም የገጹ ጸሐፊ የሠራውን የኮድ ስሕተት አርሞ ማሳየት ይገባዋልን? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ደብተር ለሚያርም መምህር እንግዳ አይደለም።

ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ተቋም ባወጣው ኤችቲኤምኤል በተባለው የገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ ከጥቂቶች በቀር የተከፈተ ምልክት መዘጋት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሞዛይክና በ1994 የተከተለው ኔትስኬፕ ግን ምልክቱ ሳይዘጋ ቢቀርም ሐሳቡን ገምተው ገጹን ያሳዩ ነበር። አንባቢው በሌላው ጥፋት ለምን ይቀጣል? በ1980 ጆን ፖስቴል ለኔትወርክ ሥራ በጻፈው ደንብም ላኪ ጠንቃቃ፣ ተቀባይ ቻይ እንዲሆን መክሮ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይገምት ነበር። ጸሐፊው ደማቁን ጽሕፈት ከፍቶ፣ በውስጡ ዘንበል ያለውን ከፍቶ፣ ደማቁን አስቀድሞ ቢዘጋ፣ ብራውዘሮች የገጹን አሠራር በተለያየ መልክ ይረዱት ነበር። ጸሐፊውም በአንዱ አይቶ ስለ አማረለት ትክክል የጻፈ ይመስለው ነበር።

ከዚህም የተነሣ ተቃራኒው መንገድ ተሞከረ። በ1998 የጸደቀው ኤክስኤምኤል በመጀመሪያዋ ስሕተት ሥራው እንዲቆም አዘዘ፤ በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤልም ይህንኑ ተከተለ። አንዲት ምልክት ብትረሳ አንባቢው በገጹ ፈንታ የስሕተት ማስታወቂያ ያያል ማለት ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይህን ጥብቅ አሠራር እስከ 2011 ስላልተቀበለ፣ ጸሐፊዎች አዲሱን ቋንቋ በአሮጌው ስም ይልኩት ነበር፤ ሕጉም በወረቀት ቀረ።

በ2004 የአፕል፣ የሞዚላና የኦፔራ ባለሙያዎች ተሰባስበው እያንዳንዱ ስሕተት እንዴት እንደሚታረም በዝርዝር መጻፍ ጀመሩ። ሥራቸው በ2014 በጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ገባ። እርማቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ሆነ፤ ትልቅ ድል ነው።

ለእኔ ግን ግማሽ ድል ነው። በ1970ዎቹ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ያዘጋጀው ፒኤል/ሲ የተባለው ፕሮግራም ስሕተትን ያርም ነበር፤ ዳሩ ግን ያረመውን ከተማሪው ጽሑፍ ጋር አትሞ ያሳይ ነበር። ብራውዘር ያርማል፤ አይናገርም። ፋየርፎክስ የገጹን ምንጭ ኮድ ለሚከፍት ሰው ስሕተቱን በቀይ ያሳያል፤ ነገር ግን ገጹ ከአማረለት በኋላ ማን ይከፍተዋል? እንግዲህ ገጽ መጻፍ የምናስተምር ሁሉ፣ ተማሪው ምንጩን ከፍቶ ቀዩን ሳይቆጥር ሙሉ ነጥብ ባንሰጥ ይሻላል።