ሰባ ኩንታል በዳገት ላይ

የሴባስቶፖል ስም በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምናስበው አሠራሩን ነው። ጋፋት ላይ እንዴት እንደ ተቀለጠ፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ እንዴት ተጨንቀው እንደ ሠሩት ብዙ ተጽፏል። አምሳያውንም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አይተነዋል። እኔን ግን ከአሠራሩ ይልቅ ጉዞው ያስደንቀኛል። መድፉን ማቅለጥ የጥቂት ባለሙያዎች ፈተና ነበር፤ ከደብረ ታቦር መቅደላ ማድረስ ግን የአንድ ሠራዊት ፈተና ሆነ።

ክብደቱ 70 ኩንታል ወይም ሰባት ቶን ያህል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የ1859 ዓ.ም. ክረምት እንዳለፈ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። መቅደላ አጠገብ የደረሱት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነውና፣ በቀን በአማካይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተጉዘዋል ማለት ነው።

እኔ የምኖረው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ከጎተራ በሳሪስ ወደ ቃሊቲ ከሚወስደው የከባድ መኪና መንገድ አጠገብ ነው። የሰፈሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊዚክስ ሲያጠኑ «ፎርስ ኢኩዋልስ ማስ ታይምስ አክስለሬሽን» እያሉ በእንግሊዝኛ ሲሸመድዱ እሰማለሁ። አንድ ቀን ስለ ሴባስቶፖል ስናወራ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ሰባት ቶን ለመጎተት የሰባት ቶን ኃይል ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የዚያን ጉዞ ምሥጢር የሚከፍት ስለሆነ እዚህም ላንሣው።

መልሱ አያስፈልግም ነው። ሰባት ቶን ወደ መሬት የሚሳበው በ70,000 ኒውተን ኃይል ነው። መድፉን ከመሬት ለማንሣት ይህን ሁሉ ማሸነፍ ግድ ይላል። ሠረገላ ላይ ተጭኖ በሜዳ ሲጎተት ግን ክብደቱን የሚሸከመው መሬቱ ነው፤ ጎታቹ የሚታገለው ከሰበቃ ጋር ብቻ ነው። የቆመውን ለማስነሣት ከሚያስፈልገው ኃይል ይልቅ የተነሣውን ለማስኬድ የሚያስፈልገው ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕረፍት ዋጋ ነበረው፤ በቆመ ቁጥር ያንኑ ትግል ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ዳገት ሲመጣ ሂሳቡ ይለወጣል። በአምስት ሜትር መንገድ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ፣ ሰበቃው ሳይታሰብ፣ 14,000 ኒውተን ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 200 ኒውተን ይጎትታል ብንል 70 ሰው ማለት ነው። መንገዱን አጠማዝዘን ርዝመቱን እጥፍ ብናደርገው ግን 35 ሰው ይበቃል። ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ መንገዱ በእጥፍ ይረዝማል። ቴዎድሮስ ዓለት እያስፈለጡ፣ ራሳቸውም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ያሠሩት ለዚህ ነው። መንገዱ ራሱ መሣሪያ ነበር።

ቁልቁለቱም እረፍት አልነበረም። ከደላንታ አምባ ወደ በሽሎ ወንዝ መውረጃው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ያው ክብደት ተገልብጦ ገፊ ይሆናል። በዳገት ከፊት ይጎትት የነበረው ሰው ከኋላ ሆኖ መያዝ አለበት፤ ገመድ ቢበጠስ ሰባት ቶኑ ማንንም አይምርም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ፊዚክስ አንድ ነገር ይጨምርበታል። የሃምሳ ሰው ኃይል የሚደመረው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ጊዜ ሲስቡ ነው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚስቡት ይጣፋሉ። በ1860 ዓ.ም. የንጉሡ ዕዳ ይህ ነበር። አገሩ በየአቅጣጫው ሸፍቶ፣ ሠራዊቱ እየከዳ ሳስቶ ነበር። የጎደለው የጉልበት ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የጋራ አቅጣጫም ነበር።

በሌላ በኩል ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ እየመጣ ነበር። እንግሊዞች ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥተው ከባድ መሣሪያቸውን ጫኑባቸው፤ ቀላሎቹን የተራራ መድፎች ፈታትተው በበቅሎ አጓጓዙ። አንዱን ትልቅ ክብደት ለብዙ ጀርባ ማካፈል ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ወደ መቅደላ ሲቃረቡ የተጠቀሙት ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነው። ያ ሁሉ ድካም የጠላትንም ጉዞ አቃለለ።

ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ በኋላ የመቅደላ ንብረት ተዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከብራና መጻሕፍቱ ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ይገኛሉ።

ሴባስቶፖል ግን እዚያው መቅደላ ቀረ። በቅሎ አይሸከመው፣ ዝሆን አይችለው። ብዙ ሰው ያንገላታው፣ ወራት የፈጀው ያ ክብደት በመጨረሻ መድፉን ለአገሩ ሳያተርፈው አልቀረም። ተጓጉዞ የሚያልቀው ሁሉ ሲሄድ፣ ለመነቅነቅ ያስቸገረው ብቻ በቦታው ተገኘ።