ታቹ ሱቅ፣ ፎቁ ቤት

የቀድሞዎቹን የአራዳ ነጋዴዎች ቤቶች አስተውለህ ታውቃለህን? የብዙዎቹ ታች ሱቅ፣ ፎቁ መኖሪያ ነበር። አባት ጨርቅ እየለካ የልጁን ለቅሶ ይሰማል፤ ለምሳም ደረጃ መውጣት ይበቃዋል። (የእናት ድካም ግን ያኔም አልቀለለም።) ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው፤ ሥራና ቤት መራራቅ ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፒያሳ የተነሱ ብዙዎች ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄዱ፣ የከፊሎቹ እንጀራ መሃል ከተማ ቀረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። መልካም ነው። ግን ከሱብሒ በኋላ ልጁን እንደተኛ ትቶት ወጥቶ፣ ከዒሻ በኋላም እንደተኛ የሚያገኘው አባት ተርቢያውን በየትኛው ሰዓት ይስጠው?