ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም?

ቀረብ በሉና ስሙኝ። ታሪኩ የነቀምቴ ነው፤ መነሻዬ ግን ቤጂንግ ናት።

ነሐሴ 18 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። የኦሎምፒኩ መዝጊያ ቀን ነው፤ የወንዶች ማራቶን። በሙቀት የሚሮጥ ማራቶን ጉልበት ተቆጥቦ ይጀመራል የሚለው ልማድ የቆየ ነበር። የዚያን ቀን ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ልማዱን ጥሶ ገና ከጅምሩ ፍጥነቱን ከፈተው። እግር በእግር ከተከተሉት አንዱ ድሪባ መርጋ ነበር፤ የነቀምቴ ልጅ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲንጠባጠቡ ድሪባ አልለቀቅ አለ። ብዙ ኪሎ ሜትር አብሮት ከሮጠ በኋላ ግን እግሩ እምቢ አለው። ዋንጂሩ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። የሞሮኮው ጃዋድ ጋሪብ ሁለተኛ ሆነ። ድሪባ ሦስተኛ ሆኖ ስታዲየሙ ውስጥ ደረሰ፤ የቀረችው የመጨረሻዋ ዙር ናት። ያን ጊዜ ከኋላው የአገሩ ልጅ ጸጋዬ ከበደ መጣ፤ አለፈውም። ጸጋዬ በ2፡10፡00 ነሐስ ወሰደ፤ ድሪባ በ2፡10፡21 አራተኛ ሆነ። 21 ሰከንድ!

ስምንት ወር አልፎ ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. ያው ድሪባ ቦስተን ላይ ለብቻው ተነጥሎ ሮጠ፤ በ2፡08፡42 አሸነፈ። ሁለተኛው የገባው ከ50 ሰከንድ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ድሪባ 28 ዓመት አልፎታል። የነሐሴው ሰው የሚያዝያው ሰው ለመሆን ስምንት ወር ፈጀበት፤ ያውም ሙሉ ሰው ሆኖ። እንግዲህ ይህን ይዛችሁ የ13 ዓመት ልጅን አስቡልኝ።

ወደ ዋንጂሩም ልመለስ፤ የእሱ ነገር ለዛሬው ጨዋታችን፣ ልጅ ለውድድር መቼ ይደርሳል ለሚለው፣ ከድሪባም ይቀርባል። ዋንጂሩ የኒያሁሩሩ ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ጃፓን ገባ። የወሰደው ክለብ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው፤ ሰንዳይ ከተማ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ጃፓኖች ኤኪደን የሚሉት የጎዳና ላይ የቅብብል ሩጫ አላቸው፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ነፍሳቸውን የሚሰጡት ለእሱ ነው። ልጁ ለዚያ ቡድን ሮጠ፤ ቋንቋ ተማረ፤ ከዚያም በባርሴሎናው ኦሎምፒክ ማራቶን ብር ያገኘው ኮይቺ ሞሪሺታ እጅ ገባ። በ21 ዓመቱ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. በ24 ዓመቱ አረፈ። ስለ አሟሟቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልጨምርበትም። ግን ያ ልጅ ሻንጣውን ይዞ በወጣ ቀን «ደርሷል» ያለው ማን ይሆን? እግሩን ብቻ አይቶ ነው ወይስ ልጁንም? ይህን ጥያቄ ከራሴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፤ ሻምቡ ከእሷም ከፍ ትላለች። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትወርዱ ግን ዴዴሳ ሸለቆ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። በዚህ አገር የትምህርት ቤት ሜዳ ማለት ቀይ አፈር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ስለማያባራ የሩጫ መሥመሩ በኖራ ተሰምሮ አያድርም። በዚህ ሜዳ ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። እውነተኛ ልጅ አይደለችም፤ ግን እያንዳንዱ ስፖርት አስተማሪ ያውቃታል። በክፍሎች ውድድር 1,500 ሜትር በባዶ እግሯ ሮጣ ሁሉንም ቀደመች። ከወረዳ የመጣ መልማይ አያትና ስፖርት መምህሯን «ይቺን ልጅ ስጠኝ፤ ለዞን ትሮጥልኛለች» አለው። ከዞን ክልል አለ፣ ከክልል በኋላ አሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ወይም አዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ። መንገዱ ሲወራ አጭር ነው።

መምህሩ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ተብሎ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ለዞንና ለክልል የሚሮጡት ታዳጊዎች አብዛኞቹ ከዚያ ቀን በፊት የተወለዱ ናቸው። ዕድሜያቸው በእናት ትዝታ ነው የሚቆጠረው፤ «ቡና የተለቀመበት ሰሞን»፣ «የመስቀል ማግሥት»። በዚህ ላይ ወለጋ ያየቻቸውን የቅርብ ዓመታት ጨምሩበት። ጸጥታ ጠፍቶ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይተው ነው ወደ ክፍል የተመለሱት። አንድ ወንበር ላይ የ13 እና የ17 ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በውድድሩ ቀንም ጎን ለጎን ይቆማሉ። የ17 ዓመቱ ሲያሸንፍ ተሰጥዖ ይባላል፤ የ13 ዓመቱ ሲሸነፍ ማንም ስሙን አይመዘግብም። የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ የሚጠፋው ልጅ ነው።

ዕድሜ ቢታወቅም እንኳ ሰውነት የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ሴት ልጅ ብዙውን ጊዜ ቁመቷ በፍጥነት የሚመዘዘው በ12 ዓመቷ አካባቢ ነው፤ ወንድ ልጅ በ14። አንዱ ቀድሞ ይመዘዛል፣ አንዱ ይዘገያል። በዚያ ወቅት አጥንቱ ከጅማቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ የጭኑ ጡንቻ ከጉልበት ሎሚው በታች ያለውን ገና ያልጠነከረ አጥንት ይጎትተዋል። ልጁ «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ያንን ቦታ ነው። የወለጋ እናቶች አጥንቱ የተሰበረን ሰው አንጮቴ ያበላሉ። ጎበዝ መምህር ደግሞ አንጮቴውንም ዕረፍቱንም ያዛል። ጉልበት እያመመ የሚደረግ ሩጫ ነገ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ከፋዩም ልጁ ብቻ ነው።

ሁሉም ልጅ ይቆይ ማለቴ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ በ18 ዓመቱ፣ በ1993 ዓ.ም. ኦስተንድ ላይ፣ በአንድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወጣቶቹን ውድድር በ33 ሰከንድ ልዩነት አሸንፎ በአዋቂዎቹ አጭር ርቀት ደግሞ ሁለተኛ ወጣ። እንዲህ ያለውን ልጅ መያዝ በደል ነው። ግን ቀነኒሳ በቆጂ ውስጥ በየቀኑ የሚያየው መምህር ነበረው። የዓለም አትሌቲክስም ቢሆን በሻምፒዮናዎቹ ማራቶን በዚያ ዓመት 20 የማይሞላውን አይፈቅድም፤ በአገር አቋራጭ ወጣት ሴቶችን 6 ኪሎ ሜትር፣ ወንዶችን 8 ያስሮጣል። ሕጉ ርቀቱን ወስኖልናል። ልጅቷን የሚያውቃት ግን ጠዋት ጠዋት የሚያያት ሰው ነው።

ስለዚህ የእኛ መምህር ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰዓት መያዣውን ኪሱ ከተተ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ውኃ ስትወርድ መንገድ ላይ ቆሞ አያት፤ ታነክሳለች ወይስ አታነክስም? የክፍል አለቃዋን ስለ ደብተሯ ጠየቀ። ተሸንፋ የማታውቅ ስለነበረች ከስምንተኛ ክፍል ወንዶች ጋር አስሮጣት፤ ሦስተኛ ወጣች። ማምሻውን አልተኮራመተችም፤ «ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ እጄን አልወዛወዝኩም አይደል?» ስትል ጠየቀችው። ይህን ጻፈ። ከዚያ ወደ መልማዩ ዞረ፦ «የት ትተኛለች? ትምህርቷን ማን ያስተምራታል? ጉልበቷን ካመማት ማን ያሳርፋታል? የሴት አሠልጣኝ አለች?» መልማዩ ለሁለቱ መለሰ፤ ለሁለቱ ዝም አለ።

አባቷ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። «ባርሲሳ፣» አሉት፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው፣ «ዕድሏ እንዳያመልጣት። እኔ ልጄን ከመንገድ አላስቀርም።»

መምህሩ አልተከራከራቸውም። ይዟቸው ወደ ስፖርት ዕቃ ክፍሉ ሄደ። በበሩ መቃን ላይ በከሰል የተሰመሩ ትናንሽ መሥመሮች ነበሩ፤ በየሦስት ወሩ ልጅቷን ጫማዋን አስወልቆ፣ ተረከዟን ከግድግዳ አስደግፎ ያሰመራቸው። ከታች ያሉት ሁለቱ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም፤ ከላይ ያሉት ግን ተራርቀዋል።

«እነዚህ ሲቀራረቡ እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ» አላቸው።

አባት ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ጣታቸውን በመጨረሻዎቹ ሁለት መሥመሮች መካከል አስገቡ። ጣታቸው ገብቶ ገና ቦታ ተረፈው።