ጉትቻና ኪታብ

በጅጅጋ ገበያ የወርቅ ሱቆቹ ባሉበት መንገድ ከቀትር በኋላ ጥቂት የቆመ እንግዳ አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። ገቢና ወጪው አብዛኛው ሴት ነው፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ከግንባር እስከ ቁርጭምጭሚት በጅልባብ ተሸፍነዋል። ጆሯቸው አይታይም። ታዲያ የሚያገላብጡት፣ የሚያስመዝኑት፣ ከባለሱቁ ጋር ዋጋ የሚሟገቱበት ዕቃ ጉትቻ ነው። ለማይታይ ጆሮ ይህ ሁሉ ሙግት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መሳቂያ ይሆናል። ጌጡ ለመንገደኛ ዓይን መች ሆነና! ለቤት ነው፤ በሰርግ ቀን ሴቶች ለብቻቸው ለሚሰበሰቡበት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለክፉ ቀን ነው።

እኔን ግን የያዘኝ ከጉትቻው ይልቅ ቀዳዳው ነው። ልጅቱ ገና አፏን ሳትፈታ በመርፌ የተበሳው፣ ክር ገብቶበት እስኪድን የተጠበቀው ያ ቀዳዳ በእስልምና ሕግ እንዴት ተፈቀደ? ነገሩ ከጥንት የተለመደ ስለሆነ ጥያቄ የሌለበት ይመስላል። ኪታቦቹ ሲገለጡ ግን ጆሮ መበሳት ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል ሊቃውንትን ያከራከረ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ክርክሩን ያሸነፉት ደግሞ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ አንድም ኪታብ ያልጻፉ ሰዎች ናቸው፤ መርፌና ክር የያዙ እናቶች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ከቁርኣን "አን-ኒሳእ" ምዕራፍ 119ኛው አንቀጽ ላይ ነው። እዚያ ሰይጣን የሰውን ልጅ አሳስቶ የከብት ጆሮ እንደሚያስተለትልና የአላህን ፍጥረት እንደሚያስለውጥ ሲዝት ተነግሯል። ሐዲሱም ነቃሾችንና ተነቃሾችን፣ ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚሞርዱትን፣ ቅንድብ የሚነቅሉትን፣ በፀጉራቸው ላይ ሌላ ፀጉር የሚቀጥሉትን ያወግዛል። የከብቱ ነገር ለከተሜ አንባቢ እንዲሁ ያልፍ ይሆናል፤ ለአርብቶ አደር ግን አያልፍም። በጅጅጋ ሜዳ ግመል በጎሣው ምልክት ይተኮሳል፤ ካልተተኮሰ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ለዚህም መልስ አለ። ነቢዩ ራሳቸው መተኮሻ ብረት ይዘው የዘካ ግመሎችን ምልክት ሲያደርጉ ማየቱን አነስ ኢብን ማሊክ አስተላልፏል፤ የከለከሉት ፊት ላይ መተኮስን ነው። እንግዲህ ጉዳይ ያለው ቁስል ይፈቀዳል፤ ጉዳይ የሌለው አይፈቀድም ማለት ነው። ጉትቻስ ጉዳይ ነው ወይ?

በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ጋዛሊ "አይደለም" አሉ። "ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን" በተባለው ታላቅ ሥራቸው ውስጥ የሴት ልጅን ጆሮ ለወርቅ ጉትቻ ሲሉ መብሳት አይፈቀድም ብለው ጽፈዋል። ምክንያታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ጠባቸው ከወርቁ ጋር አይደለም፤ ወርቅ ለሴት የተፈቀደ ነው። ጠባቸው ከቁስሉ ጋር ነው። የሚያም ቁስል ነው፤ ሰው በሌላ ሰው ላይ ቢያደርሰው ቅጣት የሚያስከትል። እንዲህ ያለው ቁስል ደም እንደ ማውጣት፣ እንደ ዋግምትና እንደ ግርዛት ላለ ብርቱ ጉዳይ ካልሆነ አይፈቀድም፤ በጉትቻ ማጌጥ ደግሞ ብርቱ ጉዳይ አይደለም፤ የአንገት ጌጡና አምባሩ ይበቃል። ቢለመድም ሐራም ነው፤ መከልከሉም ግዴታ ነው፤ ለበሳው ሰው የሚከፈለው ዋጋም ሐራም ነው። ይህን ሁሉ ካሉ በኋላ ግን፣ ከሸሪዓ የተላለፈ ፈቃድ ከተገኘ ሌላ ነገር ነው፤ እስካሁን ወደ እኛ አልደረሰም ብለው ጠበብ ያለች በር ክፍት ይተዋሉ። ያን ያህል ቆርጦ ከተናገረ ሰው እንዲህ ያለች ቃል መስማት ደስ ይላል።

በዚያች በር ብዙዎች ገቡባት። ኢብን ዐባስ ያስተላለፈውን ሐዲስ ይዘው ነው የገቡት፦ በዒድ ቀን ነቢዩ ሴቶቹ ምጽዋት እንዲሰጡ ሲመክሯቸው፣ ሴቶቹ ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ቢላል በዘረጋው ጨርቅ ላይ ጣሉ። ጉትቻ ካለ ቀዳዳ ነበር፤ ነቢዩም አይተው አልከለከሉም። በ1350 ያረፉት ኢብን አል-ቀይም በዚህ ላይ ተመሥርተው ለሴት ልጅ ፈቅደው ለወንድ ልጅ ጠሉት። ከጋዛሊ መዝሀብ ከሻፊዒዮቹም መካከል የፈቀዱ ብዙ ናቸው። ቀስ በቀስ የጋዛሊ ቃል ኪታብ ውስጥ ቀረ፤ መርፌው ሥራውን ቀጠለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአፍንጫው ጉዳይ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከሐረር ተነሥተው ደጋውን ባናወጡበት በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ መካ ተቀምጠው ያስተምሩ የነበሩት ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ "ቱሕፋ" በተባለው ኪታባቸው አፍንጫ በስቶ ቀለበት ማስገባትን ከለከሉ። ለምን? ጥቂት ወገኖች ዘንድ ካልሆነ በቀር ጌጥ ተብሎ ስለማይታወቅ፣ የእነዚያ የጥቂቶቹ ልማድ ደግሞ ከሰፊው ሕዝብ ልማድ ፊት ስለማይቆጠር ነው ይላሉ፤ ጆሮ ግን እንደዚያ አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጆሮም ሥጋ ነው፣ አፍንጫም ሥጋ ነው፤ መርፌው ያው፣ ሕመሙ ያው። የለያያቸው "ዑርፍ" የሚሉት የሕዝብ ልማድ ብቻ ነው። ብዙ ሴቶች ጆሯቸውን ስለተበሱ ጆሮ ጌጥ ሆነ፤ አፍንጫቸውን የተበሱት ጥቂት ስለነበሩ አፍንጫ ቁስል ሆኖ ቀረ።

ይህ የመካና የባግዳድ ወሬ ጅጅጋን ምን አገባት የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባታል። ሱማሌውም ሐረሬውም ሻፊዒይ ነው፤ በ1277 ያረፉት የኢማም ነወዊ "ሚንሃጅ" በሐረርም በሱማሌውም አገር ሲቀራ የኖረ ኪታብ ነው፤ "ቱሕፋ" ራሱ የሚንሃጅ ማብራሪያ ነው። ከዘይላና ከበርበራ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ በጅጅጋ ሜዳ ያልፍ ስለነበር፣ ኪታቡና ጌጡ የመጡት በአንድ መንገድ፣ ምናልባትም በአንድ ግመል ጀርባ ነው። ዛጎልና ዶቃ፣ ጨርቅና ኩል ከባሕር ማዶ ይገባል፤ ቆዳ፣ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስና የሰጎን ላባ ይወጣል።

በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን የሰነበተው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የዚህን መንገድ ሰው አለባበስ በዝርዝር መዝግቧል። የሐረር ሴቶች ፀጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ጠቅልለው በጥቁር ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ይሸፍኑታል ይላል፤ ዛሬም በሐረር "ጉፍታ" የሚባለው ይኸው ነው። ሱማሌዎቹ ዘንድ ልጃገረድ ፀጉሯን ተሠርታ ትገልጣለች፤ ያገባች ሴት ሻሽ ታስራለች። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጌጥ ማለት ውበት ብቻ አልነበረም፤ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት፣ ምን የሠራ ሰው መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነበር። ወንዱም ቢሆን ገድሎ እንደሆነ በፀጉሩ ላይ በሰካው የሰጎን ላባ ይታወቅ ነበር።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ካፒቴን ስዌይን የተባለው እንግሊዛዊ በጅጅጋ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ የምኒልክ ወታደሮች ምሽግ ሠርተው አገኛቸው። እነሱም የራሳቸውን ጌጥ ይዘው ነው የመጡት። በደጋው ሠራዊት ልማድ ዝሆን የገደለ ጀግና በጆሮው የወርቅ ሎቲ የማንጠልጠል መብት ነበረው። ለደገኛው የወንድነት ምስክር የሆነው ወርቅ፣ ሚንሃጅ ለቀራ ሰው በእጥፍ የተከለከለ ነው፤ ወርቅ ለወንድ ሐራም ነው፤ የጆሮ ጌጥ ደግሞ ሴትን መምሰል ነው። በ1900 የሰይድ ሙሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ሰዎች የጅጅጋን ምሽግ ሲያጠቁ በነጭ ጥምጥማቸው የሚለዩት ደርቪሾች ነበሩ። በአንድ ሜዳ ላይ ሎቲና ጥምጥም ተገናኙ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን የሴት ጌጥ በብዛት ብር ነበር። ከየት ይመጣል ቢባል ከማሪያ ትሬዛ ጠገራ ነው፤ ገንዘቡ እየቀለጠ አምባር፣ አልቦና ጉትቻ ይሆናል። የቁርኣን ቃል የሚቀመጥበት "ሒርሲ" የሚባለው የአንገት ክታብም በብር ይሠራ ነበር። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራው ከሥራ ሲወርድ ገንዘብነቱ ቀረ እንጂ ጌጥነቱ አልቀረም። ወርቁ የበዛው በኋላ፣ የዓረብ አገሩ ንግድ ሲሰፋ ነው።

ወርቅ ሲበዛ ደግሞ ኪታቡ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፦ ጌጡ የት አብቅቶ ሀብቱ የት ይጀምራል? ሚንሃጅ ለዚህ የሚያስቅ ቢመስልም ብርቱ ምሳሌ አለው። ለሴት ወርቅ ተፈቅዷል፤ ከልክ ያለፈ ብክነት ግን አልተፈቀደም፤ ለምሳሌ ክብደቱ ሁለት መቶ ዲናር የሆነ አልቦ። በዛሬው ሚዛን 850 ግራም ያህል ወርቅ በቁርጭምጭሚት ላይ መሆኑ ነው! ከዚያ በመለስ ያለው፣ ለመልበስ የተያዘ ጌጥ፣ በመዝሀቡ በጸናው አስተያየት ዘካ እንኳ የለበትም። ሐነፊዮቹ ግን ዘካ አለበት ይላሉ። አንዲት የጅጅጋ ሴት ጆሮዋ ላይ ያለው ወርቅ ጌጥ ነው ወይስ ባንክ ነው ቢባል፣ መልሱ የሚወሰነው በየትኛው ዓመት እንደተጠየቀች ይመስለኛል። በመስከረም 1977 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅና በመጋቢት 1978 ስትመለስ፣ ኋላም በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበሩን እያቋረጠ ወደ ሐርቲሼክ ሲጎርፍ፣ ቤትና ሱቅ፣ መሬትና ከብት ይቀራል። ጆሮ አይቀርም። ሐርቲሼክ በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ የስደተኛ ሠፈሮች አንዷ ነበረች፤ የተዘጋችው በ2004 ነው። ኢማም ጋዛሊ "ብርቱ ጉዳይ አይደለም" ያሉት ጉትቻ በዚያ መንገድ ላይ ወደ ውሃና ወደ እህል ሲመነዘር ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ከ1991 በኋላ ጅጅጋ የክልል ከተማ ሆነች፤ ቶጎ ውጫሌም በንግድ ደራች። በዚያው ሰሞን ከዓረብ አገር ትምህርት ቀስመው የተመለሱ ሰባኪዎች አዲስ ክርክር ይዘው መጡ። ስሱ ድሪዕና ሻሹ ለቤትና ለሰርግ ሲቀር መንገዱን ጅልባብ ያዘው። ሒና ይፈቀዳል፤ ቀለም እንጂ ሽፋን አይደለምና የውዱእ ውሃ ያሳልፋል፤ የጥፍር ቀለም ግን ውሃ ስለማያሳልፍ ለሶላት መነሣት አለበት። ፀጉር መቀጠል እንደ ዱሮው የተወገዘ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ያች የአፍንጫ ቀለበት በስልክ መስኮት ገብታ የወጣቶቹን ልብ መሳብ ጀምራለች። በኢብን ሐጀር ሚዛን ብንሄድ መልሱ አንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ የሚጠበቀው የጥቂቶቹ ብዙ መሆን ብቻ ነውና። ሰባኪዎቹ ይህን የሚወዱት አይመስለኝም።

ስለ ጆሮና አፍንጫ ይህን ያህል ካወራሁ በኋላ ግን ሌላው ቁስል እረፍት ይነሣኛል። በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሱማሌ ክልል ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 99 በመቶው ተገርዘዋል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 65 በመቶ ነበር። በክልሉ ለረጅም ዘመን የተለመደው ደግሞ ቆርጦ መስፋት ነው፤ ሱማሌዎቹ ራሳቸው "ፈርዖናዊ" ይሉታል። ስሙ ብቻውን ነገሩ ከነቢዩ እንዳልመጣ ይናገራል። እርግጥ ነው፣ ጋዛሊ ግርዛትን ከብርቱ ጉዳዮች ቆጥረውታል፤ የሻፊዒይ ኪታቦችም የሴት ግርዛትን ይጠቅሳሉ። ዳሩ ግን ሊቃውንቱ "ኺታን" ሲሉ የሚናገሩት መስፋትንና መዝጋትን አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት ሥጋ አይቆሰልም የሚለው ያ የጋዛሊ ሚዛን ለአንዲት የመርፌ ቀዳዳ ይህን ያህል ከጠበቀ፣ ለዚህኛው ቁስል ምን ያህል ሊጠብቅ እንደሚገባ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እዚህም ላይ ግን ያሸነፈው ዑርፍ ነው፤ ጆሮውን የፈቀደው ያው የእናቶች ልማድ፣ ያው የሴቶች እጅ። ልማድ ሕግ ሲሆን ደስ ብሎኝ የጻፍኩትን ከላይ ያለውን ገጽ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነበው ደስታዬ ይቀንሳል።

በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል አድርጎ፣ መስፋቱን በከበደ ቅጣት ደነገገ። ከድንበሩ ማዶ በሐርጌሳ ደግሞ በየካቲት 2018 የሶማሌላንድ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስቴር ፈርዖናዊውን ግርዛት የሚከለክል ፈትዋ አወጣ፤ ቀለል ያለ የሚባለውን ዓይነት ግን ፈጽሞ ስላልከለከለ ብዙ ተተችቷል። ሐርጌሳ ለጅጅጋ ሰው የውጭ አገር አይደለችም፤ ግመሉም፣ ወርቁም፣ ፈትዋውም የሚመላለሰው በዚያው በቶጎ ውጫሌ በር ነው።

ጋዛሊ ጆሮ ለሚበሳ ሰው የሚከፈለውን ዋጋ ሐራም ብለውት ነበር። የገራዧ ዋጋ ግን ዛሬም ይከፈላል።