የገና ዱላና ሩር አመራረጥ፦ የእጅ ስሜት፣ ጥንካሬና መልክ

የገና ጨዋታ በየዓመቱ ከልደት በዓል ጋር ተያይዞ ታኅሣሥ 29 ቀን የሚካሄድ ባህላዊ ስፖርት ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል ጨዋታውም አብሮ አንድ ቀን ይቀድማል። ሁለት ወገኖች ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር የተባለችውን ክብ እንጨት ወይም የቆዳ ድቡልቡል እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ዳርቻ ለማሻገር ይፎካከራሉ። በአንዳንድ አካባቢ እሩር ወይም ጥንግ የምትባለው ይህችው ናት። በኦሮምኛ ጨዋታው «ቅሌ» በሚል ስም ይታወቃል። በትውፊት እንደሚነገረው መነሻው የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በያዙት በትር በደስታ መጫወታቸው ነው።

በአዲስ አበባ ጃንሜዳ ከጨዋታው ጋር ስሙ የሚነሣ የታወቀ ሥፍራ ሲሆን፣ ገና በሀገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥም ይካተታል። በዋና ከተማዋ ዙሪያ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በኮዬ ፈጬ ጨዋታው የኖረው ግን በዋናነት በግጦሽ ሜዳና እህሉ በተነሣለት ማሳ ላይ ነው። ዛሬ በኮዬ ፈጬ ቀድሞ ይታረስ የነበረው ሰፊ መሬት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመውበታል። ከብት ሲያግድ የራሱን ዱላ ከቁጥቋጦ መርጦ የሚቆርጠው ልጅ ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ፣ ዱላን የመምረጥ ዕውቀትም አብሮ ይሳሳል። ያልተመረመረ ዱላ በጨዋታ መሐል ተሰንጥቆ ስባሪው ዐይን ሊያጠፋ፣ ለሜዳው የማይስማማ ሩርም ቅልጥም ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ዱላና ሩር ሲመረጡ በቅድሚያ የእጅ ስሜት፣ ቀጥሎ ጥንካሬ፣ በመጨረሻም መልክ ቢታይ ይበጃል።

ከእንጨቱ መጀመር

በማዕከላዊው ደጋ ለዱላ ከሚፈለጉት እንጨቶች ወይራ ቀዳሚው ነው። ክሮቹ የተቀራረቡ፣ ደርቆ እንኳ የሚከብድና ተደጋጋሚ ምትን የሚችል እንጨት ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ባሕርዩ ይመጣል፤ ክብደቱ ለታዳጊ ክንድ ስለሚበዛ ዱላው በተፈለገው ቅጽበት ላይቆም ይችላል። ክትክታም ጠንካራ በመሆኑ ለመሣሪያ እጀታ የሚፈለግ ሲሆን፣ ቁጥቋጦ ስለሆነ ቀጠን ያለ ዱላ ለማውጣት ይመቻል።

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገር ከገባ ወዲህ በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በቡራዩ አካባቢ በብዛት የሚገኝ ዛፍ ሆኗል። በቀላሉ ይገኛል፣ ቀጥ ብሎም ያድጋል፤ ነገር ግን ሲደርቅ የመጠማዘዝና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው በችኮላ ለገና ዱላ መዋል የለበትም። ጽድ ቀላልና መዓዛው የሚስብ ቢሆንም በክሩ አቅጣጫ በቀላሉ ስለሚተረተር ለማገርና ለአጥር እንጂ ለጠንካራ ምት አይመረጥም።

ከእንጨቱ ዓይነት ያላነሰ ትኩረት የሚያሻው ቆልማማው ጫፍ የተገኘበት መንገድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ዛፉ ራሱ አጉብጦ ያበቀለው ቅርንጫፍ ወይም ከሥሩ አጠገብ የታጠፈ ግንድ ነው፤ የእንጨቱ ክሮች ከጉብጠቱ ጋር አብረው ስለሚታጠፉ ምቱን ተካፍለው ይሸከሙታል። ሁለተኛው መንገድ እርጥቡን እንጨት በትኩስ አመድ አሙቆ በችካል ላይ ማጉበጥና እስኪደርቅ ድረስ ማሰር ነው። እስሩ ቀድሞ ከተፈታ እንጨቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ሊወገድ የሚገባው ከጠፍጣፋ ሳንቃ በመጋዝ ተቀርጾ የወጣ ቆልማማ ዱላ ነው። በዚህ ዓይነቱ ዱላ ክሮቹ ጉብጠቱ ላይ ስለሚቆረጡ ዱላው የሚሰበረው በዚያው ቦታ ነው።

የእጅ ስሜት

ዱላ በዐይን ብቻ ታይቶ አይገዛም። የመጀመሪያው ፈተና ርዝመቱ ነው፦ ቆልማማው ጫፍ መሬት ነክቶ ዱላው ሲቆም የላይኛው ጫፍ ከተጫዋቹ ዳሌ አካባቢ ቢደርስ አብዛኛውን ጊዜ ይመቻል። ከዚህ የረዘመ ዱላ ሰው በተጠጋጋበት ቦታ ሌላውን ይመታል፤ ያጠረ ደግሞ ተጫዋቹን አጎንብሶ ጭንቅላቱን ወደ ዱላዎች ከፍታ እንዲያወርድ ያስገድደዋል።

ሁለተኛው ፈተና ሚዛኑ ነው። ዱላው በጣት ላይ ተጋድሞ የሚረጋበት ነጥብ ወደ ቆልማማው ጫፍ በጣም ከቀረበ ምቱ ኃይለኛ፣ መመለሱ ግን የዘገየ ይሆናል። ወደ እጀታው ሲጠጋ ደግሞ ዱላው ይፈጥናል፤ ሩሯን ርቃ የመሄድ ኃይል ግን አይሰጣትም። ለጀማሪና ለታዳጊ ፈጣኑ ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሊያቆመው የሚችለው ዱላ እሱ ነው። ቀላል መፈተኛም አለ፦ ተጫዋቹ ዱላውን በአንድ እጁ ክንዱን ዘርግቶ ይይዛል፤ ጥቂት ሳይቆይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዱላው ከዐቅሙ በላይ ነው።

ሦስተኛው የእጀታው ገጽ ነው። በስለት በሚገባ ተፍቆ እሾህና ስንጥር የሌለው፣ ሆኖም እንደ መስታወት ያልለሰለሰ እጀታ ይሻላል። ቫርኒሽ የተቀባ እጀታ እጅ ሲያልበው ያንሸራትታል። የሚያንሸራትት እጀታ ላይ የቆዳ ጠፍር፣ የጥጥ ጨርቅ ወይም ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀጭን ጎማ መጠምጠም ይቻላል። ጥምጥሙ መወፈር የለበትም፤ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች እጀታውን ዞረው መገናኘት መቻል አለባቸው።

ጥንካሬን መፈተሽ

ጥንካሬ ማለት አለመታጠፍ ብቻ አይደለም። ፈጽሞ የማይለመጥ ዱላ የምቱን ኃይል በሙሉ ወደ እጅ አንጓ ይመልሳል፤ ከልክ በላይ የሚለመጥ ደግሞ አቅጣጫ ያስታል። ተፈላጊው ጉልበት ላይ ተደግፎ ሲጫኑት ጥቂት የሚሰጥ፣ ሲለቁት ግን ወዲያው ቀጥ የሚል ነው። ሲጫኑት የመንቋቋት ድምፅ ካሰማ ውስጡ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

በድንጋይ ወይም በሌላ ዱላ ቀስ ብሎ መንካትም ይጠቅማል። ደረቅና ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ እርጥብ ወይም የተሰነጠቀ እንጨት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ቅርንጫፍ የወጣበት እብጠት ጉብጠቱ ላይ ካረፈ ዱላውን ያዳክመዋል፤ ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት መሰል ብናኝ ከታየ ደግሞ እንጨቱን ነፍሳት በልተውታል።

አደራረቁም የጥንካሬው አካል ነው። ክረምቱ ሲያበቃ በመስከረም የተቆረጠ እንጨት በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቢቀመጥ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቀስ ብሎ ለመድረቅ ጊዜ ያገኛል። እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ምድጃ አጠገብ ማቆም ግን የውጪውን ክፍል ከውስጡ ቀድሞ ስለሚያደርቀው ስንጥቅ ያስከትላል። እንጨት በፍጥነት የሚደርቀው በተቆረጡት ጫፎቹ በኩል በመሆኑ እነዚያን ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት መቀባት ስንጥቅን ይቀንሳል።

በሕንፃ ግንባታ አካባቢ የሚገኝ የፒቪሲ ውኃ ቧንቧ ሞቅ ተደርጎ ቢጎብጥ የገና ዱላ ሊመስል ይችላል። ቀላልና ልሙጥ ቢሆንም ይህ ፕላስቲክ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲሰበርም ስለታም ጠርዝ ያወጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሱሉልታ የታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ሊጥል ስለሚችል፣ ቧንቧን ለጨዋታ ማዋል አይመከርም።

ሩሯና ሜዳው

ለሩር ጥንካሬ ዋናው መመዘኛ የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። በሱሉልታ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሽ ከተነሣበት መስክ ላይ ለስላሳ ሩር በቅሪቱ ሣር ትያዛለች፤ ከሥር ወይም ከጠንካራ እንጨት የተጠረበችው ግን ትንከባለላለች። በኮዬ ፈጬ ያለው ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ላይ ጠንካራ ሩር ባልታሰበ አቅጣጫ ትነጥራለች፣ ንቃቃት ውስጥም ትገባለች። ስለዚህ በቆዳ ጠፍር ተጠምጥማ የተሠራች፣ በአውራ ጣት ሲጫኗት በመጠኑ የምትሰጥና ከንቃቃቱ ስፋት የምትበልጥ ሩር ትሻላለች። በሕንፃዎች መካከል ለሚጫወቱ ሕፃናት የምትስማማው ከጨርቅ የተጠቀለለችው ብቻ ናት። መስኮትና አላፊ አግዳሚ ባለበት ቦታ የእንጨት ሩር ቦታ የላትም።

ለክብደት መመዘኛ የሌሎች ስፖርቶች ልክ ሊጠቅም ይችላል። በዓለም አቀፍ የሜዳ ሆኪ ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች፤ ተጫዋቾቿ ግን የቅልጥም መከላከያ ያደርጋሉ፣ በረኛውም ሙሉ መከላከያ ይለብሳል። የገና ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለውም። ስለዚህ በባለሱቅ ሚዛን ተመዝና ከዚህ በታች የሆነች ሩር መምረጥ ጥንቃቄ ነው።

መልክ በመጨረሻ

መልክ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በእሳት ወይም በጋለ ብረት የተነቀሰ ምልክት ዱላዎች እንዳይቀያየሩ ይረዳል፤ የቡድን አባላት ተመሳሳይ ምልክት ማድረጋቸውም በግርግር መሐል ወገንን ለመለየት ያግዛል። ሩሯን ነጭ ወይም ቀይ ማድረግ ገለባና ደረቅ ሣር በበዛበት ሜዳ ላይ በቀላሉ እንድትታይ ያደርጋል።

ጥንቃቄ የሚያሻው መልክ ጉድለትን ሲሸፍን ነው። ወፍራም ቀለም ስንጥቅንና የነፍሳት ቀዳዳን ይደብቃል። በበዓል ገበያ የሚቀርብ አብረቅራቂ ዱላ ከመገዛቱ በፊት ቀለም ያልነካው ጫፉ መታየት ይኖርበታል። ጥልቀት ያለው ጭረትና ቅርጽ ጉብጠቱ ላይ መሥራትም ዱላውን ያሳሳል፤ ጌጥ የሚያምረው ከእጀታው በታች ባለው ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ነው።

በሌሎች ስፖርቶች ያለው ልምድ

መጫወቻን በእጅ ስሜትና በጥንካሬ መምረጥ የገና ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መልክ በያዘው የዲስክ ጎልፍ ስፖርት ተጫዋቾች ሰሐን መሰል ፕላስቲክ ሰንሰለት ወደ ተንጠለጠለበት ቅርጫት ይወረውራሉ። ለቅርብ ውርወራ የሚያገለግለውን ዲስክ ሲመርጡ ፕላስቲኩ በእጅ የሚሰጠውን ስሜት በጥንቃቄ ያያሉ። ለስላሳው በጣት በደንብ ይያዛል፣ ነገር ግን ቶሎ ያረጃል፤ ጠንካራው ይበረክታል፣ ነገር ግን ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ያንሸራትታል። ቀለሙም በሣር ውስጥ በቀላሉ እንዲገኝ ይመረጣል። የስፖርቱ ሕግ የዲስኩ ስፋት ከ21 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ከመደንገጉም በላይ ለጥንካሬው ጣሪያ ያበጃል፤ ከልክ በላይ ደረቅ ጠርዝ ሰውን ይጎዳልና።

ለገና ይበልጥ የሚቀርበው የአየርላንዱ ሃርሊንግ ነው። ዱላው በባህል የሚሠራው አሽ ከተባለው ዛፍ ግንድ ከሥሩ አጠገብ ካለው ክፍል ሲሆን ምክንያቱም ያው ነው፦ በዚያ ቦታ ክሮቹ በተፈጥሮ ይጎብጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የራስ ቁር ለሁሉም ተጫዋቾች ግዴታ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሀገሪቱ የታየው የዛፉ በሽታ የእንጨቱን አቅርቦት ስለጎዳው፣ ዛሬ ከቀርከሃና ከሰው ሠራሽ ቁሳቁስ የተሠሩ ዱላዎችም በጥቅም ላይ ይውላሉ።

በአዲስ አበባ ዙሪያም ወይራን እንደ ቀድሞው በየሜዳው ማግኘት አይቻልም። አንድ ችግኝ ከሥሩ ተነቅሎ ለአንድ ቀን ጨዋታ ከሚውል፣ ከአደገ ዛፍ ላይ የሚከረከም ቅርንጫፍ መጠቀም ዛፉንም ጨዋታውንም ያቆያል። ያለውን ዱላ ማቆየትም ሌላው መንገድ ነው። ከጨዋታ በኋላ አፈሩ ተጠርጎ፣ ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብቶ፣ ከዝናብና ከምድጃ ርቆ የተቀመጠ ዱላ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። አዲስ ስንጥቅ ከታየበት ግን በሽቦ ጠፍሮ ወደ ሜዳ ከመመለስ ማገዶ ማድረጉ ይመረጣል፤ ሽቦ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ ዱላውን አያጠነክረውም፣ ሲፈታም ራሱ ይቆርጣል።

ከመግዛት ወይም ከመቁረጥ በፊት መታየት ያለባቸው

• ርዝመቱ ከተጫዋቹ ዳሌ አካባቢ መድረሱ፤
• የእንጨቱ ክሮች ከጉብጠቱ ጋር አብረው መታጠፋቸው፤
• ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱ፣ ሲለመጥም አለመንቋቋቱ፤
• እጀታው ስንጥር የሌለውና የማያንሸራትት መሆኑ፤
• በቀለም ወይም በጥምጥም የተሸፈነ ጉድለት አለመኖሩ፤
• የሩሯ ጥንካሬ ለሜዳውና ለተጫዋቾቹ ዕድሜ የሚስማማ መሆኑ።